ግቢያችሁ የገባችውን የሰው ላም ምን ታደርጋላችሁ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች

ክረምት በገባ ቁጥር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። «የማላውቃት ላም ግቢዬ ገብታ አልወጣ አለች፤ ምን ላድርግ?» አንዳንዴ ላሟ አህያ ትሆናለች። አንዳንዴ ደግሞ አስፋልት ላይ የተኛች ጊደር። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንድ ቦታ ልጻፈውና የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላከው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። ከብት መያዝ ከባድ አይደለም። ከባዱ በኋላ «ሰርቀህ ነው» ላለመባል መጠንቀቁ ነው። ስለዚህ የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ምስክር ይቀድማል፣ ገመድ ይከተላል። ከብቱን ደብቆ አስሮ በሦስተኛው ቀን «አግኝቼ ነው» የሚል ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ማንም አያምነውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከ5 እስከ 6 ሜትር የሚሆን ወፍራም ገመድ። አውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለው የቃጫ ወይም የጥጥ ገመድ ይሻላል። ሲባጎና ቀጭን ናይለን አንገት ይቆርጣል።
- አንድ እቅፍ ድርቆሽ፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ ትንሽ ጨው።
- ካሜራ ያለው ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።
- ረጅም ዱላ። ለመምታት አይደለም፤ ክንዳችሁን ለማስረዘም ነው።
- ማታ ከሆነ የእጅ ባትሪና ነጣ ያለ ልብስ።
- ጓንትና ሳሙና።
- ቢያንስ ሁለት ሰው። አንደኛው የቤተሰባችሁ አባል ያልሆነ ጎረቤት ይሁን። ምክንያቱ እርምጃ 3 ላይ ይገባችኋል።

እርምጃ 1፦ እውነት ጠፍታ ነው?

ከተማ ውስጥ ብቻዋን የምትዞር ላም ሁሉ የጠፋች አይደለችም። ጠዋት ታልባ የምትለቀቅ፣ ቀኑን ሙሉ ሰፈር ለሰፈር ስትቃርም የምትውል፣ ማታ ራሷ ወደ በሯ የምትመለስ ሞልታለች። እንዲህ ያለችውን ላም ብታስሯት እናንተ ናችሁ ያጠፋችኋት።

ስለዚህ መንገድ ላይ ካልሆነችና ንብረት እያበላሸች ካልሆነ እስከ ማታ ጠብቁ። ጡቷን እዩ። ከተወጠረ ቤት ውስጥ ጥጃ ወይም አላቢ የሚጠብቃት ላም ናት። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ በር ክፈቱላትና ከኋላዋ ራቅ ብላችሁ ተከተሏት። አትንዷት፣ አታስቸኩሏት። ባለቤት ለማግኘት ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም፤ አድራሻውን የምታውቀው እሷ ናት።

የእውነት የጠፋች ከብት ሌላ ጠባይ አላት። የተበጠሰ ገመድ ትጎትታለች። አንድ ቦታ እየዞረች ትጮሃለች። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ትደነብራለች፤ ይህ ከገጠር የመጣች ለመሆኗ ጥሩ ምልክት ነው። በገበያ ማግስት የምትገኝ ከሆነ ደግሞ ተሸጣ ከአዲሱ ቤቷ ያመለጠች ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለ ከብት ወደ ድሮ ቤቱ ነው የሚያቀናው። ተከትላችሁ ብትሄዱ የምታገኙት ሻጩን እንጂ ባለቤቱን አይደለም።

አህያና ፈረስ ላይ ግን ማታን አትጠብቁ። ጀርባዋ የቆሰለ፣ የምታነክስ፣ አጥንቷ የወጣ አህያ መንገድ ዳር ቆማ ካያችሁ ብዙ ጊዜ የተጣለች ናት። ባለቤቷ አይመጣም። ከእርምጃ 3 እና 4 በኋላ በቀጥታ ወደ እርምጃ 6 እለፉ።

እርምጃ 2፦ መንገድ ላይ ከሆነች መጀመሪያ መኪናውን አስቡ

ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሐረጎ ላይ ክረምት ጉም ሲወርድ ሾፌሩ ፊቱን አያይም። ኮምቦልቻ ሲደረስ ደግሞ በባቲና በሚሌ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ተሳቢ አለ። ጭነት የያዘ ተሳቢ ቁልቁለት ላይ ላም አይቶ ወዲያው ልቁም ቢል አይችልም።

ከብት ማታ ማታ አስፋልት ላይ የሚተኛው አስፋልቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ስለሚይዝ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ከጭቃው እሱ ይደርቃል። ስለዚህ አንዴ ብታባርሯት ተመልሳ ትመጣለች። ከመንገዱ ማራቅ ብቻ ሳይሆን ተመልሳ የማትገባበት ቦታ ማድረስ አለባችሁ።

አንድ ሰው ወደ ላይ፣ አንድ ሰው ወደ ታች ይሂድና ከከብቷ ቢያንስ 100 ሜትር ርቆ በባትሪ መኪና ያስጠንቅቅ። ሦስተኛው ከብቷን ይንዳ። ብቻችሁን ከሆናችሁ አስፋልቱ መሐል አትግቡ፤ ከዳር ሆናችሁ መኪና አስጠንቅቁና ለትራፊክ ፖሊስ ደውሉ። ባትሪውን ዓይኗ ላይ አታብሩ፤ ታውራና ባለችበት ትገተራለች።

እርምጃ 3፦ ከመንካታችሁ በፊት ምስክርና ፎቶ

ጎረቤት ጥሩ። «ይህች ላም አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ነው ያገኘናት» የሚል ሰው ያስፈልጋችኋል። ስሙንና ስልኩን ጻፉ።

ቀጥሎ ፎቶ። ግራ ጎኗን፣ ቀኝ ጎኗን፣ ግንባሯን፣ ሁለቱንም ጆሮዎች፣ ቀንዷን አንሱ። ጆሮዋ የተቆረጠ ወይም ማኅተም የተተኮሰባት ከሆነ ቀርባችሁ አንሱ። የቀንዷን ሥር እዩ። ገመድ ዘወትር የሚያርፍበት ቀንድ ሥሩ ላይ ለስልሶ ይጎደጉዳል። እቤት ታስራ የምታድር መሆኗን የሚነግራችሁ እሱ ነው። የሰፈሩ ግንብ ወይም በር የሚታይበት ፎቶም ይኑር።

ጎመናችሁን ከበላች ወይም አጥር ከጣለች ጉዳቱን ሳታስተካክሉ አንሱት። አጥሩን ጠግናችሁ «አጥሬን ጥሳ ነበር» ብትሉ የሚያያችሁ የለም።

መልኳን በወረቀት ስትጽፉ «ቡናማ ላም» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ከብት አርቢ የሚያውቀውን ስም ጻፉ፤ ዳማ (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ ቡላ (ነጣ ያለ ግራጫ)፣ ቦራ (ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት)፣ ዝንጉርጉር፣ ቀንድ ከሌላት ጎዳ። አንድ መስመር በቂ ነው፦ «ዳማ ጊደር፣ ግንባሯ ቦራ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ»።

እርምጃ 4፦ ጤናዋን ከሩቅ እዩ

ከአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆናችሁ ጥቂት ደቂቃ ተመልከቷት። የምታዩት ይህ ነው።

ለሃጯ ይዝረከረካል፣ ድምጿ ተለውጧል፣ ሰው ወይም ግንብ ትወጋለች ወይም የኋላ እግሯ ይከዳታል? የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። በሽታው ከብትም ይይዛል። አትቅረቡ፤ ከርቀት ሰው አስጠብቁና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ።

ለሃጯ ይዝረከረካል፣ ታነክሳለች፣ አፏና ሰኮናዋ መሐል ቁስል አለ? አፍተግር ይመስላል። ለሰው ብዙም አያሰጋም፤ ለከብቶቻችሁ ግን በጣም ያሰጋል። ሁለቱን በሽታዎች መለየት የባለሙያ ሥራ ስለሆነ እጃችሁን አታስገቡ።

የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ትንፋሽ ያጥራታል? ሆዷ ተነፍቷል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ምሽት ነው ብላችሁ ለነገ አታሳድሩት። ከተማ ቆሻሻ ላይ የሚውል ከብት ፌስታል ይበላል፤ ፌስታሉ ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ መውጫ ይዘጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለሃጭ የበዛበትን ከብት «አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅሮ ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፏ ውስጥ አትክተቱ። ሰው በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዝባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ለሃጩ ቁስል ወይም ዓይን ከነካችሁ፣ ወይም ከነከሰቻችሁ፣ ቦታውን ወዲያው እጠቡ። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ፣ ዓይንን ደግሞ በንጹሕ ውሃ ብቻ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። እስኪያመኝ ልጠብቅ አይባልም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞታ ካገኛችኋት፣ በተለይ ከአፍንጫዋ ወይም ከፊንጢጣዋ ያልረጋ ደም ከወጣ፣ አባ ሰንጋ ነው ብላችሁ ተነሱ። አትረዱ፣ አትግፈፉ፣ አትጎትቱ። ሬሳው ሲከፈት ተህዋሱ አየር ያገኝና ለብዙ ዓመት አፈር ውስጥ ወደሚኖር ዘር ይለወጣል። ውሻ እንዳይደርስባት ሰው አቁሙና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። ለምርመራ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ኮምቦልቻ ላይ አለ።

እርምጃ 5፦ አያያዝ

አትሩጡ። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የሮጠች ላም እግሯ ወደ ጎን ይከፈትባትና ትወድቃለች። ዳሌዋ ከወጣ የምትነሳ አይመስለኝም፤ ዕዳው ደግሞ የአሳዳጁ ነው። ደሴ ሰፈሩ ሁሉ ዳገትና ክፍት የፍሳሽ ቦይ ስለሆነ ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው።

ቀስ ብላችሁ ከጎኗ ቅረቡ። ቦታችሁ ትከሻዋ ትይዩ ነው። ከትከሻዋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ስትሉ ወደፊት ትሄዳለች። ከትከሻዋ ወደፊት ስታልፉ ትቆማለች። ሌላ ጥበብ የለውም። በቀጥታ ከኋላዋ አትሁኑ፤ እዚያ አታያችሁም፣ ያላየችው ነገር ደግሞ ያስደነግጣታል። ላም እግሯን ወደ ጎንም ትወረውራለች፤ ፈረስና አህያ ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ነው።

ድርቆሹን በእጃችሁ አሳዩዋት። ጨው ካላችሁ ይበልጥ ይሠራል። እምቢ ካለች የጎረቤት ላም አምጡና ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። ከብት ብቻውን መሆን ስለማይወድ ሌላውን አይቶ ይከተላል። ከአራት ጎረምሳ አንዲት ላም የተሻለች ነጂ ናት፤ ሰውና ግርግር በበዛ ቁጥር ሥራው ይረዝማል። ሁለቱ እንዳይነካኩ ግን ተጠንቀቁ፤ አፍተግር ከጠረጠራችሁ ይህን መንገድ ጭራሽ ተዉት።

ገመዱን ቀንድ ካላት ቀንዷ ሥር እሰሩ። ቀንድ ከሌላት አንገቷ ላይ፣ ሲጎተት በማይጠብቅ ቋጠሮ፣ አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትታችሁ። ሸምቀቆ አታድርጉ። የገመዱን ጫፍ ደግሞ እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፤ ብትደነብር ጣታችሁን ይዛ ትሄዳለች።

የምታስሩበት ቦታ ሜዳ ይሁን። ዳገት ጫፍ ወይም ቦይ አጠገብ የታሰረች ከብት ሌሊት ስትንሸራተት ራሷን ትሰቅላለች።

እርምጃ 6፦ በዚያው ቀን አሳውቁ

መጀመሪያ ቀበሌ ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ ፖሊስ ጣቢያ። ማታ ከሆነ ፖሊስ። የከተማ አስተዳደሩ ደንብ አስከባሪዎች የባዘነ እንስሳ የሚይዙትና ወደ ማቆያ በረት የሚወስዱት በከተማው ደንብ መሠረት ነው፤ ቀበሌው ያገናኛችኋል። የታመመች ከሆነ የግብርና ጽሕፈት ቤቱን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጨምሩ።

በቃል ነግራችሁ አትመለሱ። መዝገብ ላይ ይስፈር፤ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የተቀበላችሁን ሰው ስም ያዙ። ከዚያ ወዲያ ማንም መጥቶ «ላሜን ደብቀሃል» ቢላችሁ አብሽሩ፤ ወረቀቱ ይናገራል።

ሕጉም ይህን ነው የሚፈልገው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ በድንገት ቢያመልጠውም እንኳ። በዚያው ክፍል፣ ይዞታችሁ ላይ ጉዳት ያደረሰ እንስሳ ለካሳው መያዣ እንዲሆን ይዛችሁ ማቆየት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ለባለቤቱ ሳትዘገዩ ማሳወቅ፣ ካላወቃችሁት መፈለግ አለባችሁ። መብቱና ግዴታው አብረው ነው የሚሄዱት። ይዞ ዝም ማለት ግዴታውን መጣስ ነው።

እርምጃ 7፦ እስኪወስዷት ድረስ መመገብ

250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖና ከ25 እስከ 40 ሊትር ውሃ ትፈልጋለች። ድርቆሽ ወይም ጭድ ስጧት፣ ውሃ አታቋርጡ፤ በቃ።

የተራበች ነች ብላችሁ ዳቦ፣ ዱቄት ወይም እህል አትቆልሉላት። ያልለመደ ሆድ ውስጥ በአንዴ የገባ እህል ይቦካና አሲድ ይሆናል፤ ከብቱን በሁለት ቀን ይገድለዋል። በደግነት የሞተች ላም ካሳ ይጠየቅባታል።

ከራሳችሁ ከብት ለዩዋት። አፍተግር ምልክት ሳያሳይ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ስለሚችል ጤነኛ መምሰሏ አያሳምናችሁ። በአንድ ባልዲ አታጠጡ።

የምትታለብ ከሆነች ማለብ አለባችሁ፤ አለዚያ ጡቷ ያብጣል። ወተቱን ሳታፈሉ ለማንም አትስጡ። ስንት ሊትር እንደታለበ ጻፉ። (ሲረከቡ ስለ መኖው ዝም ብለው ስለ ወተቱ የሚከራከሩ ባለቤቶች አሉ።) የመኖ ደረሰኝም አስቀምጡ፤ የምትጠይቁት ወጪ በእሱ ነው የሚረጋገጠው።

እርምጃ 8፦ ባለቤቱን መፈለግ

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ላይ አስነግሩ። ሁለቱንም አድርጉ፤ ሰፈራችን የተደባለቀ ነው። ለእድር ለፋፊ ንገሩ። ገበያ ላይ የከብት ደላሎችን ጠይቁ፤ እነሱ ሰው ባይለዩ ከብት ይለያሉ። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሰፈር ገጾችም ለጥፉ።

ግን ሁሉንም አትናገሩ። «ሆጤ አካባቢ አንዲት ጊደር ተገኝታለች» ይበቃል። ፎቶውን አትለጥፉ። ቀለሟን፣ የጆሮዋን ምልክት፣ የገመዱን ዓይነት ያዙት። ሙሉ ፎቶ ከለጠፋችሁ የመጣው ሁሉ «ግንባሯ ቦራ ናት» ይላችኋል።

እርምጃ 9፦ ማስረከብ

የመጣው ሰው ሳያያት በፊት ይንገራችሁ። ምልክቷ፣ ዕድሜዋ፣ ስንቴ ወልዳለች፣ በምን ገመድ ነበረች፣ መቼ ጠፋች። ሁለት ጎረቤቶቹን ወይም የቀበሌውን ደብዳቤ ያምጣ። ስሟን ጠርቶ ዞር ካለችለት ጥሩ ነው፤ በዚያ ብቻ ግን አትስጡ።

ለሽማግሌ ብላችሁም ቢሆን በቃል አታስረክቡ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ዛሬ ___ ቀን ___ ዓ.ም. እኔ ___ የ___ ቀበሌ ነዋሪ፣ በ___ ቀን ጠፍታብኝ በአቶ/ወ/ሮ ___ ግቢ የተገኘችውን ዳማ ጊደር በጤንነት ተረክቤአለሁ። ለመኖና ለጥበቃ ብር ___፣ ለደረሰው ጉዳት ብር ___ ከፍያለሁ። ከዚህ በኋላ ሌላ ባለቤት ቢመጣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ፊርማ ___ ምስክሮች 1. ___ 2. ___»

የመታወቂያውን ፎቶ አብራችሁ ያዙ። የጉዳቱ ካሳ ላይ ካልተስማማችሁ የአገር ሽማግሌ፣ እሱም ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ።

እርምጃ 10፦ ማንም ካልመጣ

ለከተማው አስረክቡና የመረከቢያ ወረቀት ተቀበሉ። ከተማው ባለቤት ላልቀረበለት እንስሳ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ በሐራጅ ይሸጣል። ሐራጅ የሚሆነው ከብት በየቀኑ መኖ ስለሚበላ ነው፤ በቆየ ቁጥር ወጪው ዋጋዋን ይውጠዋል። እናንተ ራሳችሁ መሸጥ፣ ማረድ ወይም ለዘመድ ማሳለፍ አትችሉም። አግኝቶ መሰወር ወንጀል ነው።

የሚደጋገሙ ስሕተቶች

- ጭራ ጠምዝዞ መንዳት። ጭራ አጥንት አለው፤ ይሰበራል።
- ከሰፈር አባርሮ «ገላገለን» ማለት። እናንተ ያባረራችኋትን ተሳቢ ይገጫታል።
- በጎች ሲሆኑ መሪዋን ትቶ የመጨረሻዋን ማሳደድ። መሪዋን ያዙ፤ ሌሎቹ ይመጣሉ።
- ልጆችን መላክ።
- መኪና ገጭቷት ከሆነ መንገድ ላይ በጥሬ ገንዘብ ተስማምቶ መለያየት። ትራፊክ ፖሊስ ሳይመዘግበው መድን ድርጅት አያይላችሁም።

የተያዘችው የእናንተ ከሆነችስ?

ቶሎ ሂዱ። በማቆያ በረት የምታድርበት ቀን ሁሉ የመኖና የጥበቃ ክፍያ ይጨመርበታል፤ ቅጣቱ ደግሞ ለብቻው ነው። ስትሄዱ መታወቂያ፣ የቀበሌ ደብዳቤና የቆየ ፎቶ ያዙ። አሁኑኑ ወጥታችሁ ከብቶቻችሁን በሁለቱም ጎን ፎቶ አንሱ፤ ከጠፉ በኋላ ማንሳት አይቻልም።

በረቱ ውስጥ ከመፈረማችሁ በፊት እግሯን፣ ዓይኗን፣ ጡቷን እዩ። ጉዳት ካለ እዚያው ይጻፍ። የከፈላችሁት በየትኛው ደንብ እንደሆነ ጠይቁ፤ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አትክፈሉ። ደረሰኙ ላይ ቀለሟና ምልክቷ እንዲሰፍር አድርጉ። ዳግም ብትያዝ የባለቤትነት ማስረጃ ይሆናችኋል።